እስስት እንቍላሏን በደኅና እንድትጥል
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



በዚህ ሳምንት ልንነጋገርበት ያሰብነው ጕዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ስለ እስስት ነው። እስስት በእኛ ዘንድ መልካም ስም የላትም። ዐሳቡን እንደ ጥቅሙ የሚለዋውጠውን ሰው «እስስት» እንለዋለን። ትላንት የተናገረውን ዛሬ የሚክድ ባልደረባ ባጋጠመን ጊዜ ከዚህች እንስሳ የተሻለ ምሳሌ አናገኝለትም። በልጅነታችንም በአጥር ላይ ስናያት ድንጋይ እናነሣ ነበር እንጂ ምን ትሠራ ይሆን ብለን ቆመን የተመለከትን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ግን ይህች ስሟ የከፋ ፍጥረት እንቍላል የምትጥልበት ቀን ሲደርስ ስለሚያገኛት ጭንቀት፥ በቤቱ የሚያኖራትም ሰው ሊያደርግላት ስለሚገባው ርዳታ እንነጋገራለን።

ነገሩን ያስነሣው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አድማጫችን የጻፉልን ደብዳቤ ነው። እኅታቸው ከቤተ ሰባቸው ጋር በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ ግዛት ይኖራሉ። የእኅታቸው ልጅ፥ የ12 ዓመት ልጃገረድ፥ አንዲት እስስት በቤቷ ታኖር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እስስቷ ምግብ ተወች፤ ከቅርንጫፏ ወደ ወለሉ ወርዳም ጥግ ጥጉን ስትቧጥጥ ሰነበተች። ቤተ ሰቡ ቤቷን ጠልታው ይሆናል በማለት በወረደች ቍጥር እያነሣ ወደ ቅርንጫፏ ይመልሳት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። ሐኪሙ ሲመረምራት ሆዷ በእንቍላል ተሞልቶ ተገኘ። ቤተ ሰቡ «ወንድ ሳይኖር እንቍላሉ ከየት መጣ?» ብሎ ተደነቀ፤ ልጅቱም እኔ ነኝ የገደልኋት እያለች አለቀሰች። አሁን ሌላ እስስት ተሰጥቷታልና አጎቷ፥ «ይህችኛዋ እንዳትሞት ምን ይደረግ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ዝርዝሩን ከመጀመራችን በፊት የመልሱን ፍሬ ነገር እንንገራችሁ። እስስት እንቍላል ስትጥል ሰው ሊያደርግላት የሚችለው ርዳታ ከሞላ ጐደል ሁሉም ከዕለቱ አስቀድሞ የሚደረግ ነው። ዕለቱ ከደረሰ በኋላ የሚቀረው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ይኸውም ዘወር ብሎ መተው፥ ነገሩ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነም ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አስቀድሞ ምንም አያዘጋጅም፤ በዕለቱ ግን ከአጠገቧ አይለይም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች በብዛት ከሚገኙት የእስስት ዐይነቶች አንደኛዋ ለእኛ ጎረቤት ናት። የትውልድ አገሯ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የየመን ምድርና ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው የሳውዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ ነው። በሳይንስ መዝገብ ስሟ የገባው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በራሷ ላይ እንደ ቆብ ከፍ ብሎ የሚታይ አጥንት ስላላት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዐይነ ርግብ ያደረገች እስስት» ሲሏት፥ ጀርመኖች በአጭሩ «የየመን እስስት» ይሏታል። እኛም በዚህ ንግግር የየመን እስስት እንላታለን። ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሴቷ ከዚህ ታንሳለች።

የዚህች እንስሳ ኑሮ በዛፍና በቍጥቋጦ ላይ ነው። አካሄዷ ቀርፋፋ ስለሆነ ወደ መሬት መውረድ አደጋ አለው፤ ካልቸገራት በቀር አትወርድም። ነገር ግን እንቍላል የምትጥልበት ቀን ሲደርስ የግድ ትወርዳለች። እርጥበት ያለው አፈር ፈልጋ፥ በእግሮቿ ጕድጓድ ቈፍራ፥ እንቍላሏን ከፀሓይ ሐሩርና ከጠላት ዐይን ትሰውራለች፤ አፈሩን መልሳ ከደፈነች በኋላም ወደ ዛፏ ትወጣለች። በሰው ቤት ያለችው እስስት ግን ወርዳ የምታገኘው የፕላስቲክ ወለል ወይም የሽቦ ወንፊት ነው። ቈፍሪ የሚላት ተፈጥሮ አለ፤ የሚቈፈር አፈር የለም። ስለዚህ እንቍላሉን ይዛ ትቈያለች። መቈየቱ ሲረዝም እንቍላሉ በሆዷ ታግቶ ይቀራል፤ አቅሟም ያልቃል። በቨርጂኒያ ያለችው ልጅ እስስት ወለሉን ስትቧጥጥ የሰነበተችው ቤቷን ጠልታ አልነበረም፤ አፈር ስትፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እናስገባ። እስስት ሁሉ እንቍላል አይጥልም። ለምሳሌ በኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ተራሮች የሚኖረው፥ ወንዱ ሦስት ቀንዶች ያሉት የጃክሰን እስስት የሚባለው ዐይነት ግልገሎቹን በሕይወት ይወልዳል። ስለዚህ እስስት በቤቱ የሚያኖር ሰው መጀመሪያ የእንስሳዪቱን ዐይነት ለይቶ ማወቅ አለበት። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ሁሉ ስለ የመን እስስት ነው።

ሌላም ማስገንዘቢያ አለን። ይህን ንግግር የሰማ ልጅ ነገ ከአጥር ላይ እስስት ይዞ ወደ ቤቱ እንዲያስገባ አንመክርም። በአገራችን የዱር እንስሳት በሕግ የሚጠበቁ ናቸው፤ ማንም እንደ ወደደ እያጠመደ የሚወስዳቸው አይደሉም። በባሕር ማዶ ሱቆች የሚሸጡት የየመን እስስቶች በአብዛኛው እዚያው በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው።

እንግዲህ ብዙውን ሰው ወደሚያሳስተው ጥያቄ እንመለስ፤ ወንድ ሳይኖር እንቍላል ከየት ይመጣል? መልሱ በእያንዳንዳችን ግቢ አለ። ዶሮ አውራ ዶሮ ባይኖርም እንቍላል ትጥላለች፤ ልዩነቱ ከዚያ እንቍላል ጫጩት አለመውጣቱ ብቻ ነው። የየመን እስስትም እንደዚሁ ናት። በሰው ቤት በደኅና የምትመገብ ሴት ከተፈለፈለች ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ለእንቍላል ትደርሳለች፤ ወንድ በዐይኗ ባታይ እንኳ በሆዷ እንቍላል ትይዛለች፤ የያዘችውንም መጣል አለባት። ይህን አለማወቅ የብዙ እስስቶች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ጠባቂው ባል የላትም በማለት አፈር አያዘጋጅላትምና። ከወንድ ጋር የተገናኘችው ደግሞ ዘሩን በአካሏ ውስጥ ልታቈይ ስለምትችል፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝታ ከአንድ ዙር በላይ ሽል ያለበት እንቍላል ልትጥል ትችላለች። ከተገናኘችበት ቀን እስከምትጥልበት ቀን ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ቀን ነው።

ዝግጅቱ ሦስት ነገሮችን ያጠቃልላል፤ አካሏን ማዘጋጀት፥ የእንቍላሉን ብዛት መመጠን፥ ቦታውን ማሰናዳት።

አንደኛ፤ ስለ አካሏ። እንቍላልን ገፍቶ የሚያወጣው ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይሠራም፤ የእንቍላሉም ልባስ ካልሲየም ይፈልጋል። ምግቧ የሚያጐድለውን ካልሲየም አካሏ ከገዛ አጥንቷ ይወስዳል፤ አጥንቷ ይለሰልሳል፤ ጡንቻዋም ይዝላል። ስለዚህ የምትመገባቸው ፌንጣዎችና ሌሎች ነፍሳት ከመሰጠታቸው በፊት ፎስፎረስ የሌለበት የካልሲየም ዱቄት ሊነሰነስባቸው ይገባል። ነገር ግን ካልሲየሙን መብላቷ ብቻ አይበቃም፤ አካሏ እንዲቀበለው ቪታሚን ዲ ያስፈልጋታል። ይህንንም ቪታሚን ቆዳዋ የሚሠራው ከዓይን የተሰወረ የፀሓይ ጨረር ሲያርፍበት ነው። ይህ ጨረር በተራ የመስኮት መስታወት አያልፍምና፥ እስስትን በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ ፀሓይ አገኘች ማለት ራስን ማታለል ነው። በቤት ውስጥ ለምትኖረው ለዚሁ የተሠራ ልዩ አምፖል ይደረግላታል፤ በቀንም 12 ሰዓት ያህል ይበራል። የዚህ አምፖል ብርሃን ለዐይን እንደ ወትሮው እየታየ ጨረሩ ግን በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ስለዚህ ሠሪው ባዘዘው ጊዜ መለወጥ አለበት። ውሃም በየቀኑ በቅጠሎቿ ላይ ሊረጭላት ይገባል፤ እስስት ጠብታውን ከቅጠል ትልሳለች እንጂ በሳሕን የተቀመጠ ውሃ ብዙውን ጊዜ አታስተውልም።

ሁለተኛ፤ ስለ እንቍላሉ ብዛት። የየመን እስስት በአንድ ጊዜ የምትጥለው እንቍላል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 70 ይደርሳል፤ ከ80 የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ይህን የሚያህል ሸክም በዚያች ትንሽ አካል ውስጥ ሲከማች ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ለብዛቱ ከሚያግዙት ነገሮች ሁለቱ የምግብ መትረፍረፍና የሙቀት መብዛት ናቸው። እንስሳዪቱ ምግቡ ከበዛ ዘመኑ ጥጋብ ነው ብላ ብዙ እንቍላል ትይዛለችና። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች ለጐለመሰች ሴት እስስት በየሁለት ቀኑ ከ3 እስከ 5 ፌንጣ ይሰጣሉ፤ የምትሞቅበትንም ስፍራ ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሳሉ እንጂ ከዚያ ብዙ አያሳልፉትም። በማደግ ላይ ላለችው ትንሽ እስስትና አሁን እንቍላል ለጣለችው ግን ምግቡ ከዚህ ይበልጣል። በአገራችን እንግዳን አጥግቦ ማብላት ክብር ነው፤ ለዚህች እንግዳ ግን መመጠኑ ዕድሜ መስጠት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቦታው። ይህ የነገሩ ሁሉ ዋና ነው። እንስሳዪቱ 4 ወር ከሞላት ጀምሮ በቤቷ ውስጥ ዘወትር የማይነሣ የአፈር ዕቃ ሊኖር ይገባል። ዕቃው ባልዲ ወይም የፕላስቲክ ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ ስፋቱ በእያንዳንዱ ጎን ከ30 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በውስጡ ያለው አፈር ብቻውን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ የሚያሳዩ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ጨለማ ስፍራ ስትፈልግ ብርሃን ከጎን ቢገባባት ትታው ትወጣለችና። አፈሩ የታጠበ አሸዋ፥ ወይም ማዳበሪያና መድኀኒት ያልገባበት አፈር ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። ለመውረድና ለመውጣት እንዲመቻት ከዕቃው እስከ ቅርንጫፎቿ የሚደርስ እንጨት ይደረግላት።

የአፈሩ እርጥበት ልክ አለው። ደረቅ አሸዋ የቈፈረችው ጕድጓድ እንዲናድባት ያደርጋል፤ ውሃ ያቈረ ጭቃም አይሆናትም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ ማውጣት ነው። ቀዳዳው ሳይናድ እንዳለ ከቆመና ከሥሩ ውሃ ካልቋጠረ እርጥበቱ በቂ ነው። በየጥቂት ቀኑ በዚህ ዐይነት መፈተን ያስፈልጋል፤ በአምፖል አጠገብ ያለ አሸዋ ቶሎ ይደርቃልና።

ቦታው ከተዘጋጀ በኋላ ምልክቱን መጠበቅ ይቀራል። እዚህ ላይ ስለ ቀለሟ አንድ ቃል እንናገር። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ዘወትር ለመደበቅ ይመስለናል፤ ነገር ግን የቀለም ለውጥ ለእርሷ በብዙ መንገድ ንግግር ነው። ብርድና ሙቀት፥ ቍጣና ፍርሀት በቆዳዋ ላይ ይነበባሉ። ሴቲቱም እንቍላል ስትይዝ አረንጓዴው ገላዋ ይጠቍራል፤ በላዩም ብጫና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ደምቀው ይታያሉ። በዚህ መልኳ ወንድ ቢቀርባት ታፈገፍጋለች፥ አፏንም ትከፍትበታለች። ስለዚህ እኛ የመክዳት ምልክት ያደረግነው የቀለም ለውጥ ለሚያስተውል ጠባቂ እውነተኛ ማስታወቂያ ነው።

ቀኑ ሲቃረብ ሆዷ በሁለቱም ጎን ይሞላል፤ አንዳንድ ጊዜም የእንቍላሉ ጕብጕብታ በቆዳዋ ሥር ይታያል። ምግብ ትቀንሳለች ወይም ጨርሳ ትተዋለች፤ ውሃ ግን ትጠጣለች። ዕረፍት ታጣለች፤ ወደ ላይ ወደ ታች ትመላለሳለች፤ ወደ ወለሉ ወርዳም ጥጉን ትቧጥጣለች። ዶሮ ስታስካካ ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ እስስት ግን ድምፅ አታሰማም። ይህ ወዲያና ወዲህ ማለቷ ጩኸቷ ነው።

ይህን ምልክት ያየ ሰው ወደ ቅርንጫፏ መልሶ አያስቀምጣት። አፈሩን ፈትኖ፥ ውሃ ረጭቶላት፥ ቤቷን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጋርዶ ይሂድ። ለማየት የሚያስፈልግ ከሆነ ከሩቅ፥ በቀዳዳ፥ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይበቃል። በቤቱ ያሉ ልጆች፥ ድመትና ውሻም እንዳይቀርቧት ይደረግ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በጕድጓዱ ውስጥ ያለች እስስት መከላከያ የላትም፤ ይህንንም ታውቃለች። ስትቈፍር የሚመለከታት ዐይን ካየች ጠላት አገኘኝ ብላ ቍፋሮውን ትታ ትወጣለች፤ ደጋግሞም ይህ የደረሰባት እንደ ሆነ እንቍላሉን ይዛ ትቀራለች። ዶሮ እንኳ ልትጥል ስትል ጥግ ትፈልጋለች፤ እናቶቻችንም ልጆችን «ተዉአት፥ ትጣልበት» እያሉ ያባርሩልን ነበር። ያ የእናቶቻችን ዕውቀት ለእስስትም ያገለግላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የእርሷ ሥራ ነው። በአንድ ስፍራ ጀምራ ትታ በሌላ ስፍራ ልትቈፍር ትችላለች፤ ይህ ብቻውን አያሳስብም። በመጨረሻ ገላዋን የሚያስገባ ጕድጓድ ትቈፍራለች፤ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን እዚያው ታድራለች። በዚህ ጊዜ መብራት ማብራትና አፈሩን መነካካት አይገባም። ቀጥላ ዞራ ጅራቷን ወደ ጕድጓዱ በማድረግ እንቍላሏን ትጥላለች፤ ከዚያም አፈሩን መልሳ ትደፍነዋለች፥ በእግሮቿም ትረግጠዋለች። ሥራው አንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ቀን ይፈጃል። ወደ ቅርንጫፏ ስትመለስ ገላዋ አፈር ለብሶ፥ ሆዷ ገብቶ፥ ጎኗ ተሸብሽቦ ይታያል። ጕድጓዱን ደፍና ሳትጨርስ እንቍላሉን ለማውጣት መቸኰል ትልቅ ስሕተት ነው።

በደኅና ከጣለች በኋላ ወዲያው ውሃ በብዛት ይረጭላት፤ ብዙ ውሃ ከአካሏ ወጥቷልና። ለሁለት ሳምንት ያህል ምግቧ ከወትሮው ከፍ ይበል፤ በየቀኑም በካልሲየም ዱቄት ይነስነስ። ከዚያ በኋላ ወደ ተመጠነው ምግብ ትመለስ። እርሷንም ሆነ ዕቃዋን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እንደዚህ ያሉ በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ተሕዋስ ሊይዙ ይችላሉ። በተለይ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ሊረሳ አይገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን፤ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ እንቍላሉ ያልወጣ እንደ ሆነስ? የሚከተሉት የአደጋ ምልክቶች ናቸው። መቈፈር ጀምራ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ምንም ያልጣለች፤ ጥቂት ጥላ የቀረውን ይዛ የደከመች፤ በቀን ዐይኗን የምትጨፍን ወይም ዐይኗ ወደ ውስጥ የገባ፤ ቅርንጫፍ ለመያዝ አቅም ያጣች፤ በወለሉ ላይ ተኝታ የምታምጥ እስስት በታመመች እስስት ዘንድ ትቈጠራለች። በተለይ ዐይን መጨፈንና አቅም ማጣት ከታየ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

በዚህ ሰዓት ከቤት ውስጥ ሕክምና መራቅ ይገባል። ሆዷን በመጭመቅ እንቍላሉን ለማስወጣት መሞከር እንቍላሉን በውስጧ ሊያፈርጠው ይችላል፤ ይህም ሞቷን ያፋጥናል። ለሰው የተሠራ መድኀኒትም አይሰጣት። የእንስሳት ሐኪሙ በራጅ አንሥቶ እንቍላሉ የት እንደ ደረሰ ያያል፤ ውሃ ካነሳት ውሃ፥ ካልሲየም ካነሳት ካልሲየም በመርፌ ይሰጣታል፤ ተገቢ ሆኖ ሲያገኘውም ማሕፀንን የሚያነቃቃ መድኀኒት ሊጨምር ይችላል። ይህ ሁሉ ካልረዳ ቀዶ ሕክምና ይቀራል። ቀዶ ሕክምና ለዚህች ትንሽ ፍጥረት ከባድ ነው፤ ቢሆንም በጊዜው ከተደረገ ብዙዎች ድነዋል። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ጠባቂ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውሻና ድመት የሚያክም ሐኪም ሁሉ እስስት አያክምም። ስለዚህ የሚያክመውን ሐኪም ስምና የስልክ ቍጥር ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ፈልጎ በግድግዳ ላይ መጻፍ ከአፈሩ ዝግጅት የማይተናነስ ዝግጅት ነው።

ስለ እንቍላሉ በአጭሩ እንናገር። ወንድ ካላየች ሴት የወጣ እንቍላል ሽል የለውምና ተቈጥሮ ይጣላል፤ መቍጠሩ የሚጠቅመው በሚቀጥለው ጊዜ የምግቡን መጠን ለመወሰን ነው። ሽል አለው ተብሎ የሚጠረጠር እንደ ሆነ ግን እንቍላሉን ሳያገላብጡ፥ ከላይ የነበረው ጎን ከላይ እንደ ሆነ፥ እርጥበት ባለው ማስቀመጫ ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። ልባሱ እንደ ዶሮ እንቍላል ጠንካራ አይደለም፤ እንደ ብራና ለስላሳ ነው። በ27 ወይም በ28 ዲግሪ ሙቀት ቢቀመጥ ለመፈልፈል ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጅበታል። እንግዲህ ስድሳ ግልገል ለማሳደግ፥ እያንዳንዱንም ለየብቻ ለማኖር አቅም የሌለው ሰው እስስቷን ከወንድ ጋር ባያገናኛት ይሻላል።

ደብዳቤ ለጻፉልን አድማጫችንና ለእኅታቸው ልጅ የምንለው ይህ ነው። ልጄ፥ ያለ ወንድ እንቍላል መያዟን ያልነገረሽ ሰው ሁሉ ካንቺ ይልቅ ሊያውቅ ይገባው ነበር። እስስቷም በቋንቋዋ ተናግራ ነበር፤ ቋንቋዋን ግን በቤታችሁ ያስተማረ አልነበረም። አሁን አውቀሽዋል። ለአዲሲቱ እስስት ዛሬውኑ ባልዲውን በአሸዋ ሙዪላት፤ በጣትሽ ፈትኚው፤ ቀኑ ሲደርስም ማየት ቢያምርሽ እንኳ መጋረጃውን ጣይላትና ወደ ትምህርትሽ ሂጂ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ርዳታ ነው፤ ለሚወዱት ፍጥረት በጭንቁ ሰዓት ዞር ማለት ቀላል አይደለምና።

ክቡራን አድማጮች፤ ነገሩ ከአንዲት እንስሳ አልፎ እኛንም ይመለከታል። በየመሥሪያ ቤታችን ጕዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። መዝገቡ አስቀድሞ በስፍራው ከተቀመጠ፥ ቅጹም ከተዘጋጀ፥ ባለ ጕዳዩ ሳይጨነቅ ጨርሶ ይሄዳል፤ ካልተዘጋጀ ግን በዕለቱ ዐሥር ሠራተኛ ቢከበው አይረዳውም። በቤታችንም እንደዚሁ ነው። ችግር ከደረሰ በኋላ የሚሯሯጥ ደግ ይባላል፤ ችግሩ እንዳይደርስ አስቀድሞ አሸዋውን ያረጠበውን ግን ማንም አያየውም። ይሁንና ሕይወት የሚተርፈው ብዙ ጊዜ በዚህ በማይታየው ሰው ሥራ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ።